የደረሰልኝ ሰው

በአንድ ወቅት፣ በአባያ ሐይቅ ዳር፣ መኩሪያ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር። ሥራው ማስተማር፣ ፍቅሩ ግን ሬዲዮ ነው። ዜናና ዘፈን ማዳመጡን ማለቴ አይደለም፤ ፈቃድ አውጥቶ፣ በራሱ መሣሪያ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የሚነጋገር የሬዲዮ አማተር ነበር። ከጣሪያው ጫፍ እስከ ማንጎው ዛፍ ሽቦ ዘርግቷል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ጓዳ ይገባል፤ የመኪና ባትሪውን ያያይዛል፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋና «ለሁሉም ጥሪ፣ ለሁሉም ጥሪ» እያለ ይጣራል። ብዙ ጊዜ የሚመልስለት የአየሩ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ግን ከባሕር ማዶ አንድ የድንች ገበሬ ብቅ ይልና ስለ ዝናብ ያወራሉ። ያን ቀን መኩሪያ እራት መብላቱን ይረሳል።

ጎረቤቶቹ «ከነፋስ ጋር የሚያወራው መምህር» እያሉ ይስቁበታል። ሚስቱ አልታዬ ግን አትስቅም ነበር። ልጅ አልወለዱም። ቤታቸው ጭር ያለ ነው፤ በጭርታው ውስጥ ደግሞ ያ «ሽሽሽ» እስከ ሌሊት ይሰማል።

«አንተ የባሕር ማዶውን ሰው ትሰማለህ፤ እዚህ የተቀመጥኩትን እኔን ግን አትሰማም» ትለዋለች።

«እሺ፣ ይቺን ብቻ» ይላል እሱ። ያቺ ብቻ የምትባለዋ ግን አልቃ አታውቅም።

መኩሪያ አንጁሎ የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ ከሐይቁ ማዶ የሚኖር፣ የሞተር ጀልባ ያለው ሰው። የስልክ ኔትወርክ በዚያ በኩል ስለማይሠራ መኩሪያ አንድ አሮጌ የእጅ ሬዲዮ ሰጥቶት ነበር። «ሐይቁ ላይ ችግር ቢገጥምህ ጥራኝ» አለው። እውነቱን ለመናገር ግን ድምፅ በውኃ ላይ እስከ የት እንደሚሄድ ለማወቅም ጓጉቶ ነው። አንጁሎ መጀመሪያ ሰሞን በሬዲዮው እየተጣራ ሰላምታ ይሰጥ ነበር፤ በኋላ ተወው። መኩሪያ ግን የአንጁሎን ድምፅ የምትቀበለውን ትንሿን ሬዲዮ ከመደርደሪያው ላይ አላነሳም፤ ማንም ባይጠራባትም ሁልጊዜ ክፍት ነበረች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአልታዬ ትዕግሥት አለቀ። ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ጓዳው በር ላይ ቆመች።

«ወንድሜ ቤት መሄዴ ነው። ከእንግዲህ ከሽቦህ ጋር ኑር።»

መኩሪያ ማዳመጫውን አድርጎ ስለነበር የሰማት ግማሹን ነው። ግራ ገብቶት ቀና ሲል፣ እሷ ወጥታ ደጁ ደርሳለች። ሊከተላት ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያለችው ሬዲዮ ጮኸች።

«መምህር! መምህር፣ ትሰማኛለህ? ሞተሩ ጠፋብኝ! ሚስቴ ምጥ ይዟታል፣ ጀልባው ውኃ እያስገባ ነው! ደሴቲቱ አጠገብ ነን... ጥቁር ሆና ትታየኛለች!»

ውጭ ዝናብ ያዘለ ጉም ሐይቁን ሸፍኖታል።

«አልታዬ! ተመለሺ! ስሚ!» ብሎ ተጣራ መኩሪያ። ድምፁ እንዲህ ሆኖ አታውቀውም፤ ቋጠሮዋን እንደያዘች ተመልሳ ገባች።

የአንጁሎ ድምፅ እየተቆራረጠ ደግሞ መጣ። «መምህር... የደረሰልኝ ሰው... እግዜር ምስክሬ ነው፣ ለልጄ ስም ያወጣል!» ከዚያ ሬዲዮዋ ዝም አለች። መኩሪያ ቢጣራ ቢጣራ መልስ የለም።

«ደሴቲቱ አጠገብ ናቸው፤ ወንድምሽ ጋ እንሩጥ» አላት።

አልታዬ ግን አልተነቃነቀችም። «ደሴቲቱ አጠገብ አይደሉም» አለች።

«ሰውየው በዓይኑ እያያት እኮ ነው የሚናገረው!»

«በዚህ ጉም ምን ያያል? ከድምፁ ኋላ ወፍጮ ይሰማ ነበር። የታችኛው ወፍጮ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ቆርቆሮ ስንጥቅ ስለሆነ ሁለቴ ይጮህና አንዴ ይታፈናል። ከእናቴ ጋር እህል ተሸክሜ ስመላለስበት ነው ያደግሁት።»

መኩሪያ ግራ ተጋባ። እሱ ወፍጮ የሚባል አልሰማም። ከንግግር ኋላ ያለውን ጫጫታ ሁሉ መጣል ጆሮውን ያስለመደው ራሱ ነው። ደሴቲቱ በስተሰሜን፣ ወፍጮው በስተደቡብ ሐይቁ ዳር ነው። አንዱ ጋ የሄደ ሌላው ጋ አይደርስም።

የአልታዬ ወንድም ሻንካ ዓሣ አስጋሪ ነው። ሲደርሱ መረቡን ጥሎ፣ ማዕበሉ ስለበረታ ሊጎትተው ሲሰናዳ አገኙት። ሌሎቹ አስጋሪዎች ጀልባቸውን አውጥተው ሄደዋል። ነገሩን በሩጫ ነገሩት። ስለ ስእለቱ ግን ማንም አላነሳለትም፤ በዚያ ጥድፊያ ማን ትዝ ይለዋል?

«ወደ ደሴቲቱ ሂድ» አለ መኩሪያ፣ «እዚያ ነኝ ብሏል።»

«ወደ ወፍጮው ሂድ፣ ወንድሜ» አለች አልታዬ።

ሻንካ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። «ጋሼ፣ የሰማኸው አንተ ነህ። የምትጣሉበት ነገር ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አልገባኝም፤ የእህቴን ጆሮ ግን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ» አለ። ከዚያ ጀልባውን ገፋ፤ ዘሎ ገባና የጀልባውን አፍንጫ ወደ ደቡብ አዞረ። መረቡ እዚያው ውኃ ውስጥ ቀረ።

መኩሪያና አልታዬ ዳር ቆመው ጉሙን ሲያዩ ቆዩ። እሱ «ተሳስታ ከሆነስ?» ይላል በልቡ፤ እሷም በልቧ ያንኑ ትላለች።

አልተሳሳተችም። ሻንካ የአንጁሎን ጀልባ ከታችኛው ወፍጮ ፊት ለፊት፣ ግማሹ ሰጥሞ አገኘው። ለአንጁሎ ደሴት የመሰለው ወደ ውኃው የገባ የጥቁር ቋጥኝ አፍንጫ ነበር። ባልና ሚስቱን አንድ በአንድ ጎትቶ ወደ ራሱ ጀልባ አስገባና ዳር አወጣቸው። ወፍጮ ወረፋ የያዙ ሴቶች ዱቄት በዱቄት እንደሆኑ ሮጠው መጡና ሴትዮዋን ከበቧት። እዚያው ሴት ልጅ ተወለደች። እናቲቱም ተረፈች።

«ወፍጮው አጠገብህ እየጮኸ እንዴት አልሰማህም?» ብለው አንጁሎን ጠየቁት።

«እኔ እንጃ» አለ። «ጆሮዬ ሚስቴ ጋ ነበር።»

ሻንካ ሲመለስ መረቡን ማዕበሉ በልቶታል።

ሰንበትበት ብሎ አንጁሎ ልጁን ታቅፎ ከሚስቱ ጋር ወደ መኩሪያ ቤት መጣ። «ስእለቴን ልፈጽም ነው የመጣሁት። ስም አውጡላት» አለ። ሻንካም ተጠርቶ ነበር፤ ስእለት መኖሩን የሰማው ገና ያኔ ነው። አንጁሎ ይህን ሲል ሦስቱም እኩል አፋቸውን ከፈቱ።

መኩሪያ «ጽናት ትባል» አለ። «ስንት ዘመን ተስቆብኝ ባዶ አየር አዳመጥኩ። ሬዲዮውን የሰጠሁህ እኔ፣ የሰማሁህም እኔ። ባልሰማህ ኖሮ ማንም ከቤቱ አይወጣም ነበር። ልጅ የለኝም፤ በዓለም ላይ እኔ ስም ያወጣሁለት አንድ ሰው ይኑር።»

አልታዬ «ባሎቴ ትባል፣ በእናቴ ስም» አለች። «እሱ ቃልህን ሰማ፤ ቃልህ ግን ስህተት ነበር። የት እንዳለህ ያወቅሁት እኔ ነኝ። በእሱ ምክር ቢሆን ወንድሜ ደሴቲቱን ሲዞር እናንተ ትሰጥሙ ነበር። ልጅ የሌለኝ ደግሞ እኔም ነኝ።»

ሻንካ ደግሞ «ምትኬ ትባል» አለ። «ሁለቱ ደረቅ መሬት ላይ ቆመው ነበር፤ ውኃ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። መረቤ ሄዷል። ከእነሱ አንዱ ቢሳሳት የሚሞተው ማን ነበር? እነሱ ስእለትህን ሰምተዋል፤ እኔ ምንም ሳልሰማ ነው የሄድኩት። ‹የደረሰልኝ› አይደል ያልከው? ጀልባህ ጋ የደረሰው ማን ነው?»

«‹የደረሰልኝ› ሲባል እኮ የረዳኝ ማለት ነው» አለ መኩሪያ።

«ታዲያ እኔስ አልረዳሁም?» አለች አልታዬ።

አንጁሎ አንዱ ሲናገር «እውነት ነው» ይላል፤ ሌላው ሲናገርም «እውነት ነው» ይላል። ሚስቱ «ስትሳል ምን ማለትህ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «ምንም ማለቴ አልነበረም፤ እየሰጠምኩ ነበር» አላት። አንድ ሽማግሌ ለዳኝነት ተጠሩ። ሦስቱን ሰምተው ለመኩሪያ ፈረዱ፤ ውኃ ጠጡና ለአልታዬ ፈረዱ፤ ሊሄዱ ሲነሱ ደግሞ ሻንካን አዩትና ተመልሰው ተቀመጡ። «እኔ ዛሬ አሞኛል፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ።

ልጅቷ አሁን ድክ ድክ ትላለች። አልታዬ ቋጠሮዋን ፈትታ ቤቷ ተቀምጣለች፤ ግን ከባሏም ከወንድሟም ጋር የልጅቷ ነገር በተነሳ ቁጥር ትኳረፋለች። እናቲቱ እስኪወሰን ድረስ «ሚጡ» እያለች ትጠራታለች።

እንግዲህ እኔ ከእነሱ ይልቅ ግራ ገብቶኛልና ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ጥሪውን የሰማው፣ ቦታውን የለየችው፣ ውኃ ውስጥ የገባው፤ ለልጅቷ ስም ማውጣት የሚገባው ለየትኛው ነው?