የኮሎኔሉ ሁለት አምፕሊፋየሮች

የጦሩ ሙዚቃ ክፍል አዛዥ ኮሎኔል አጥናፍሰገድ ጊታር መቧጠጥ እንጂ መጫወት አያውቁም ነበር። አንድ ቀን በመስታወት አምፖል የሚሠሩ ሁለት አምፕሊፋየሮች አስመጡ፤ እያንዳንዱን ቁም ሳጥን በሚያህል ስፒከር ላይ ጭነው ጊታራቸውን ተራ በተራ እየሰኩ እያስጮሁ «የቱ ይበልጣል?» ብለው ጠየቁ።

ከበሮ መቺው «የቀኙ» ቢል «ግራውን ናቅህብኝ!» ብለው ወደ ጠረፍ አዛወሩት። ጥሩምባ ነፊው «የግራው» ቢል ተከተለው። ሳክስፎን ነፊው «እኩል ናቸው» ቢል «ታዲያ ሁለት የገዛሁት ጅል ሆኜ ነው?» ብለው እሱንም ሸኙት።

ተራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሆነ። ሚስቱ ወሯ ገብቶ ነበርና ጠረፉን ፈርቷል፤ ምላሱ ግን አላስችል አለው።

«የግራው ይበልጣል፣ ጌታዬ።»

«በምን?»

«አምፖሎቹ ከቀኙ ዘግይተው ነው የሚሞቁት፤ እስኪሞቁ ድረስ ምንም ድምፅ አያወጣም። በእሱ ሲሆን እርስዎ አንድ ደቂቃ ሙሉ ግሩም አድርገው ይጫወታሉ።»