«ደህና ነው» ያሉት ግንበኞች

አንድ ንጉሥ በየክረምቱ ሰው በሚወስድ ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲሠራ አዘዘ። ባለፈው ዓመት ምጥ የያዛትን የማዶ መንደር ሴት ከነተሸካሚዎቿ ጎርፍ ወስዷት ነበርና፣ ሥራውን ለባላምባራስ ወንድይራድ ሲሰጥ «ክረምት ሳይገባ ሰው ይሻገርበት፤ አለዚያ ሹመትህን እርሳው» አለው።

ባላምባራስ ትጉ ሰው ነበር፤ ሰው ማመን ግን አይሆንለትም። ሥራው በተጀመረ በሳምንቱ ጓንጉል የሚባል ግንበኛ ቀርቦ፣ የግራው ምሰሶ መሠረት ገና አለት አልነካም፣ ጠልቆ ይቆፈር አለው። ባላምባራስ ይኼ ሰው አንድ ነገር አስቦ ነው ብሎ ጠረጠረና በሰው ሁሉ ፊት «አንተ ቀለብህን ልታራዝም ነው» ብሎ አባረረው።

ከዚያ ወዲያ ክፉ ወሬ የሚባል ጠፋ። ሥራ ሲፈታ ባላምባራስ የግንበኞቹን አለቃ አቶ ቢምረውን እንዴት ዋላችሁ ይለዋል፤ ቢምረው ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ይላል። ኖራ የምታቦካውን እማማ ትርንጎን ቢጠይቅም መልሱ ያው ነው። እንደ እነሱ አባባል ሦስት ወር ሙሉ አንድ ድንጋይ አልተሰበረም፣ አንድ ሰው አልታመመም።

ይኸኔ ባላምባራስን ነገሩ ይከነክነው ጀመር። እሱ ሲቀርብ ጨዋታው ይቆማል። ትርንጎ ስታየው የኖራውን ጉድጓድ በቁርበት ትሸፍናለች። ቢምረው ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ አህያ ጭኖ ወደ ጫካው ይሰወራል። ኖራዬን እየዘረፉ ነው ብሎ ቆረጠ።

አንድ ቀን ቢምረውና ትርንጎ አህያዋን እየነዱ ሲሄዱ ዛፍ ለዛፍ እየተሸሸገ ተከተላቸው። አህያዋ ጓንጉል ደጅ ስትቆም፣ ያባረርኩት ሰው ነው ለካ ተቀባያቸው ብሎ ከአጥሩ ጥግ ቆመ። አህያዋ የተጫነችው ግን ከመሠረቱ የተዛቀ እርጥብ አፈር ነበር። ጓንጉል አፈሩን በጣቱ እያሸ ምሰሶው መፍረስ አለበት ይላል፤ ቢምረው የምሰሶውን ስንጥቅ በትርንጎ ኖራ በስውር ብንደፍነውም ተመልሶ ይከፈታል ይላል።

«ማን ይንገረው ታዲያ?» አለች ትርንጎ። «ጓንጉል ይሂድ፤ እሱን ሁለተኛ አያባርረው።»

ሁለቱ ሲስቁ ባላምባራስ ዘው ብሎ ገባ። ሁሉም ብድግ አሉ።

«ድልድዩ በእኔ ላይ እንዲወድቅ ነው የመከራችሁት?»

«ጌታዬ፣» አለች ትርንጎ፣ «ልጄ ያገባችው ማዶ ነው፤ ደግሞም ነፍሰ ጡር ናት። የምትሻገርበት ድልድይ እንዲወድቅ የምመክር ይመስልዎታል?»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ትርንጎ ወደ ጓንጉል ዞር ብላ አየችው። «ነግሮዎት ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ።

ባላምባራስ ሦስት ወር ሙሉ ሲያነፈንፍ የከረመውን ምስጢር ጓንጉል በመጀመሪያው ሳምንት ነግሮት ነበር፤ የነገረውን ሰው ያባረረው ራሱ ነው። በማግስቱ ጓንጉልን በሰደበበት ቦታ ላይ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ለመነው። ምሰሶው ፈርሶ እስከ አለቱ ተቆፈረ። ድልድዩ በተባለው ቀን እንደማይደርስ አውቆ፣ ማንም ሳይቀድመው ራሱ ለንጉሡ ተናገረ። ንጉሡ ሹመቱን ቀማው፤ ሥራውን እንዲጨርስ ግን ተወው።

በዚያ ክረምት ወንዙ ከምንጊዜውም በላይ ሞላ፤ አዲሱ ምሰሶ አልተነቃነቀም። የትርንጎ ልጅ ዝናቡ ሳይጠና ወደ እናቷ መጥታ ወልዳ ነበር፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ድልድዩ ሲያልቅ ሕፃኗን አዝላ ወደ ባሏ ቤት ተሻገረች።

ባላምባራስ ምሰሶውን መጠርጠር ሲገባው ሰዎቹን ጠረጠረ። ዛሬም ብዙ ፕሮጀክት የሚበላሸው እንዲሁ ነው፤ ዕቅዱ ያምራል፣ ሪፖርቱ በየሳምንቱ ደህና ነው ይላል፣ ስንጥቁን ያየው ሰው ግን ለእንጀራው ፈርቶ ዝም ብሏል። ሥራ የሚሳካለት መሪ ክፉ ወሬ ሳይረፍድ የሚደርሰው ነው፤ ማስተዋሉን እግዚአብሔር ያድለን።

እርስዎስ፣ «ይኼ ነገር አይሆንም» ብሎ የመጣብዎትን የመጨረሻውን ሰው ምን ብለው ሸኙት?