የሞተሩ ማንሻና የእድሩ ብረት

አንድ ቀን፣ እዚሁ ወሊሶ ከገበያው ጀርባ፣ ጋሽ ሽብሩ ግቢ የሆነውን ላውራችሁ። ጋሽ ሽብሩ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ናቸው፤ ጋራዣቸውም የመኖሪያ ቤታቸው ጓሮ ነው። ከእጃቸው በነፃ የሚወጣ ነገር ቢኖር ምክር ብቻ ነው። የተጣመመ ምስማር አቃንተው ደግመው ይመቱታል፤ ዕቃ ያጠቡበትን ጋዝ አጥልለው እንደገና ያጥቡበታል። ይሄን እንኳ ቁጠባ ነው ብለን እንለፈው። እኔን የሚያናድደኝ የነበረው የሞተር ማንሳቱ ነገር ነው።

የወፍጮ ሞተር ማለት ስድስት ጎረምሳ የሚያስምጥ ብረት ነው። ደህና ጋራዥ በሰንሰለት የሚስብ ማንሻ ይሰቅልና አንድ ሰው ብቻውን ሽቅብ ይስበዋል። ጋሽ ሽብሩ ግን በራቸው ላይ ቆመው መንገደኛ ይጠራሉ። «ኑ እስቲ ወንድሞቼ፣ ለአንድ አፍታ እጃችሁን!» ይላሉ። ያቺ አንድ አፍታ ግማሽ ቀን ትፈጃለች፤ ውሃ እንኳ አይቀርብም። በኋላ ሰፈሩ ነቃ። ሞተር የጫነ ጋሪ ወደ ግቢያቸው ሲታጠፍ ያየ ሁሉ በታችኛው መንገድ ዞሮ ይሄድ ጀመር። እኔም ዞሬ ሄጃለሁ፣ ምን አስዋሸኝ።

ሰው ሲሸሽ ሸክሙ የቀረው ለመካኒካቸው ለጥጋቡ ነው። ጥጋቡ ቀጭንና ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ምላሱ ግን ሥራ ፈትታ አታውቅም። ባለፈው ክረምት ሞተር ተንሸራቶ የግራ እግሩን አውራ ጣት ጨፍልቆታል። ከዚያ ወዲህ ማንሻ ይገዛ ብሎ ያልጠየቀበት ሳምንት የለም።

«ጋሼ፣ ኧረ ያቺን ማንሻ!»

«አክሱም ላይ ያን ሁሉ ሐውልት ያቆሙት አባቶችህ ማንሻ ገዝተው ነው?»

«ትልቁ እኮ ወድቋል ጋሼ።»

«አፍህን ዝጋና ሥራህን ሥራ!»

ጋሽ ሽብሩ ደግሞ ሌላም ሹመት አላቸው፤ የሰፈራችን እድር ንብረት ያዥ ናቸው። ቁልፍ ያለው ሰፊ ክፍል ስላላቸው የእድሩ ድንኳን፣ ድስትና ወንበር የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው። የእድራችን ሕግ አጭር ነው፤ ሰው ካልሞተ ዕቃ አይወጣም፣ የጠፋና የተበላሸ ካለ ንብረት ያዡ ይተካል። ይህን ሕግ በየስብሰባው የሚያነቡልንም ራሳቸው ናቸው። ባለወፍጮዋ እትዬ ዘውድነሽ ለልጃቸው ሠርግ ሁለት ድስት ቢለምኗቸው «የሞተ አለ?» ብለው ባዶ እጃቸውን ሰደዋቸዋል።

እንግዲህ የእኚሁ የእትዬ ዘውድነሽ ሞተር ተበላሸና ለጥገና መጣ። ሌላ ጠጋኝ ቢኖር ኖሮ እዚያ ደጃፍ ባልደረሱም ነበር።

ጥጋቡ ጠዋት ሥራ ሲገባ ግቢው መሃል ሦስት ረጃጅም ብረቶች፣ ጫፋቸው በሽቦ ታስሮ፣ እግራቸውን ከፍተው ቆመዋል። ከመሃላቸው አሮጌ የውሃ ጉድጓድ መዘውር ተንጠልጥሏል። ጋሽ ሽብሩ ሞተሩን ያመጣውን የጋሪ ፈረስ ገመድ አስጎትተው፣ ሞተሩን ከመሬት ክንድ ያህል አስነስተውታል። የገመዱን ጫፍ ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አስረውታል። ሞተሩ ይወዛወዛል።

«አየህ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «አንዲት ሳንቲም ሳላወጣ! አንተ ዓመት ሙሉ ማንሻ ማንሻ ትላለህ። ጭንቅላት ያለው ሰው ከቤቱ ፈልጎ ያገኛል።»

ጥጋቡ ብረቶቹን ከላይ እስከ ታች አያቸው። የሁሉም ወገብ ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ። የእድራችን ምልክት ነው፤ ከሌላ እድር ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ብሎ የቀባውም ራሱ ጥጋቡ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ የድንኳኑ ብረት አይደለም እንዴ?»

«ቢሆንስ? አሁን የሞተ አለ? ተኝቶ ዝገት ከሚበላው ይሥራ እንጂ!»

እትዬ ዘውድነሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሞተራቸውን ይጠብቃሉ። «የሞተ አለ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ቀና ብለው አረንጓዴውን ቀለም አዩና ከንፈራቸውን ነከሱ።

የድንኳን ብረት ሸራ እንዲሸከም የተሠራ ባዶ ቱቦ ነው። ሞተሩ ዞር ባለ ቁጥር ሦስቱም ሲጥ ሲጥ ይላሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ወገቡ ላይ ጎበጥ ማለት ጀምሯል። ችግሩ የሞተሩ የዘይት መያዣ የሚፈታው ከሥር ነው። ጋሽ ሽብሩ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፈው የብሎን መፍቻውን ለጥጋቡ ዘረጉለት።

«በል ግባና ፍታው።»

«ቢወድቅብኝስ?»

«አይወድቅም! እኔ ሽብሩ ነኝ የሠራሁት!»

«እንግዲያው መጀመሪያ እርስዎ ገብተው ያሳዩኝ።»

«እኔ? እኔ የእድር ንብረት ያዥ ነኝ! እኔ አንድ ነገር ብሆን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ማን ይይዛል?» አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ስማ፣ ወይ ትገባለህ ወይ ቱታህን አውልቀህ ትሄዳለህ። ሥራ ስጡኝ እያለ ደጄን የሚጠና ሞልቷል!»

ይህን ሲሉ ቀልድ አልነበረም፤ ጥጋቡም ያውቃል። ሁለት ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ቱታውን ቢያወልቅ ቤቱ ይራባል፤ ቢገባም ያው ሊራብ ይችላል፣ ያውም ያለ አባት። ተንበርክኮ በጀርባው ተኛና ጭንቅላቱን ከሞተሩ ጠርዝ ሥር አስገባ። ብረቱ ሲጥ አለ። ከላይ አንዲት የጠቆረች የዘይት ጠብታ ግንባሩ ላይ ጠብ አለች። ያን ጊዜ ተንሸራቶ ወጣና ተነሥቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ የእውነት ግን፣ ቢወድቅብኝ ምን ያደርጉልኛል?»

የጋሽ ሽብሩ ትዕግሥት አለቀ።

«ምን አደርግልሃለሁ! የእድር አባል አይደለህ? እድርህ አለልህ! በወግ በማዕረግ ትቀበራለህ!»

እኔ ብሆን መፍቻውን በራሳቸው ላይ እወረውረው ነበር። ጥጋቡ ግን ዘይቱን በእጁ ጀርባ ከግንባሩ ጠረገና የጎበጠውን ብረት በጣቱ አመለከታቸው።

«እኔን የከበደኝ እኮ እሱ ነው ጋሼ። ሞተሩ የሚወድቀው እነዚህን ሦስቱንም አጣሞ ነው። ታዲያ ድንኳኔን በምን ሊተክሉት ነው?»

እትዬ ዘውድነሽ በሳቅ ከበርጩማው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። «የሞተ አለ አሉኝ እኮ! ለሁለት ድስት!» እያሉ በነጠላቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ጋሽ ሽብሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ደህና አድርገው ተመለከቱ፤ ጥጋቡን አይደለም፣ ብረቱን ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው በዓይናቸው ቆጠሩ። የተበላሸውን የሚተካ ማን እንደሆነ ትዝ ሲላቸው ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አውርደው!» ብለው ጮኹ። «ቀስ በል! ኧረ ቀስ! ብረቱን አደራ!»

ወሬው ከእትዬ ዘውድነሽ ጋር ወፍጮ ቤት ገባ፤ ወፍጮ ቤት የገባ ወሬ ደግሞ ልሞ ነው የሚወጣው። እሑድ እድሩ ተሰበሰበና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከጋሽ ሽብሩ ተቀብሎ ለእትዬ ዘውድነሽ ሰጠ። ብረቱም ከቁልፉ ጋር ስለሄደባቸው፣ በሳምንቱ ጋሽ ሽብሩ ጓሮ አዲስ የሰንሰለት ማንሻ ተሰቀለ። አሁን ደንበኛ በመጣ ቁጥር እጃቸውን ወደ ማንሻው ዘርግተው፣ «ለሠራተኛዬ አዝኜ ነው የገዛሁት» ይላሉ።

ጥጋቡም ሰንሰለቱን በአንድ እጁ እየሳበ፣ «ማዘኑንስ በጣም አዝነዋል፣ ቆሜ አይቻለሁ» ይላል። «ዓይናቸው ግን ብረቱ ላይ ነበር።»