መልሱን ፍለጋ የወጣው ሰብሳቢ

የአንዲት ከተማ ምክር ቤት ሰብሳቢ የሆነ አንድ ሰው ነበረ። ይህ ሰው ጥያቄ ተጠይቆ መልስ አጥቶ አያውቅም።

መምህር አጥናፉ ነገሩን እንዲህ ብለው የጀመሩት ለትርንጎ ነው። ትርንጎ የቀድሞ ተማሪያቸው ናት፤ በቅርቡ ለምክር ቤት ተመርጣለች። በማግስቱ ሕዝብ ፊት ቀርባ ስለ ሰፈሩ መንገድና ስለ መናፈሻው ልትጠየቅ ስለሆነ ጭንቅ ይዟት መጣች። «መምህር፣ የማላውቀውን ቢጠይቁኝ ምን ልበል? አላውቅም ካልኩ ይንቁኛል» አለቻቸው። እሳቸውም ወንበራቸውን ወደ እሷ ጠጋ አድርገው ቀጠሉ።

በዚያች ከተማ ዳር የጥድና የወይራ ደን ነበረ። የድሮ ሰዎች አጥረው ያቆዩት፣ መጥረቢያ ያልነካው ጥብቅ ደን ነው። ሰብሳቢው ይህን ደን መናፈሻ ሊያደርገው ተነሣ። መተላለፊያው ድንጋይ እንዲነጠፍ፣ ከየዛፉ ጥላ ሥር መቀመጫ እንዲሠራ፣ መሐሉ ላይ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ እንዲቆም አስወሰነ። ሥራው ሊጀመር ሲል ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስቦ ማይኩን ያዘ።

ጥያቄው ዘነበ። አጥሩ ከምን ይሠራል? ሽማግሌዎች የሚያርፉበት ቦታ አለው ወይ? ዛፍ ይቆረጣል ወይ? ለሁሉም መለሰ። መልስ በሰጠ ቁጥር ይጨበጨብለታል፤ ጭብጨባውን ሲሰማ ደግሞ ደረቱ ይነፋል። በልቡ፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ነኝ ይል ነበር።

ከኋላ በኩል አንዲት ሴት እጇን አነሣች።

«መናፈሻው ደስ ይላል፤ እግዜር ይስጥልን» አለች። «እኔ የምጠይቀው፣ በየት በኩል ነው የምንገባው?»

አንዳንዱ ሳቀ። ሰብሳቢውም ፈገግ ብሎ በዋናው በር እንደሚገባ ነገራት። ሴትዮዋ ግን አልተቀመጠችም። ቤቷ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ነው፤ በሩ ደግሞ ልክ የጎዳናው ኩርባ ላይ ነው፤ ቁጥቋጦም ይጋርደዋል። ከባድ መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ሰው የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት እህቷን እዚያው ቦታ መኪና ገጭቷት እስከ ዛሬ በክራንች እንደምትሄድ ተናገረች።

ሰብሳቢው ለዚህም መልስ ነበረው። ጎዳናው የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ምክር ቤቱም ደብዳቤ ጽፏል። እውነት ነው፣ ውሸት የለበትም። ከዚህ በፊት ለብዙ ሰው ብሎታል። አሁንም አፉን ከፈተ። ሊናገር ሲል ግን ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ለመቀመጥ ስትዘጋጅ አያት። አልተቆጣችም። የሚላትን ገና ሳይናገር ታውቀዋለች። ይህ ከስድብ በላይ ቆጠቆጠው።

ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እህቴ፣ መልሱን አላውቀውም» አላት። «በዚያ ኩርባ በመኪና እንጂ በእግሬ አልፌ አላውቅም። እንሂድና አሳዪኝ።»

ምክትሉ ክንዱን ይዞ፣ መሳቂያ ታደርገናለህ ብሎ አንሾካሾከለት። ሰብሳቢውም ፈርቷል። ቢሆንም ከመድረኩ ወረደና ሴትዮዋን ተከተለ፤ ሕዝቡም ተከተለው።

ኩርባው ጋ ሲደርሱ ሊሻገር እግሩን አነሣ። ገልባጭ መኪና ከቁጥቋጦው ጀርባ ብቅ ብሎ አፍንጫው ሥር አለፈ። ወደ ኋላ ዘለለ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ ሴትዮዋ እጁን ያዘችና «አሁን» አለችው፤ ሮጡ። ማዶ ሲደርስ ዞር ብሎ ቢያይ ምክትሉና የምክር ቤቱ አባላት በሙሉ ወዲያኛው ዳር ተገትረው ቀርተዋል፤ ለመሻገር የደፈረ የለም። ያን ጊዜ፣ ይህች ሴት በየቀኑ የምትኖረው ኑሮ ምን እንደሆነ ገባው።

ስብሰባው እዚያው መንገድ ዳር ቀጠለ። ፏፏቴው ለጊዜው ይቆይ ተባለ። በሩ ከኩርባው ርቆ ሾፌር ከሩቅ ወደሚያይበት ሜዳ እንዲዛወር፣ ቁጥቋጦው እንዲመነጠር፣ መብራት እንዲተከል ተስማሙ። ጎዳናው ላይ መኪና የሚያዘገይ ጉብታ እንዲሠራ ግን የሌላው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰብሳቢው ሌላ ደብዳቤ አልጻፈም። ሴትዮዋንና እህቷን ይዞ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ሄደና፣ መጥተህ አብረኸን ተሻገር አለው። ኃላፊው አንገራገረ፤ ኋላ ግን መጣ። ኩርባው ላይ ቆሞ አንድ መኪና ካለፈው በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም። ጉብታው ተሠራ፤ የእግረኛ መሻገሪያውም ተቀባ።

መናፈሻው የተከፈተ ዕለት ከሁሉ ቀድማ የተሻገረችው ባለ ክራንቿ እህት ናት። ከላይ የመጣ ከባድ መኪና ጉብታው ጋ ሲደርስ ቀስ ብሎ ቆመላት። አልቸኮለችም። መሐል መንገዱ ላይ ደርሳ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ሾፌሩንም ቀና ብላ አየችው፤ እሱም በእጁ እለፊ አላት። ማዶ ስትደርስ የሰፈሩ እልልታ ደኑን ሞላው። ሰብሳቢው ሕዝቡ መሐል ቆሞ እጁ እስኪግል አጨበጨበ፤ እንባውን ለመጥረግ እንኳ አላሰበም። በሚቀጥለው ስብሰባ አዳራሹ ለሰዉ አልበቃ አለ። ጥያቄውም ከበፊቱ ይልቅ ከባድ ነበር፤ ሰው መጠየቅ ዋጋ እንዳለው አይቷልና። ሰብሳቢው ደስ አለው።

መምህር አጥናፉ እዚህ ላይ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰብሳቢው አንቺ ነሽ። ያቺ ሴትም ነገ ከኋላ ወንበር ትነሣለች። ያ ሰው አላውቅም ሲል የናቀው አልነበረም፤ የሚንቁትማ ያንን የለመደውን መልስ ቢደግምላቸው ነበር። እውነት ሆኖም ጠያቂውን እዚያው የሚተው መልስ አለ፤ እሱን አትመልሺ። የምታውቂውን ንገሪያቸው። የማታውቂው ሲመጣ ከወንበርሽ ተነሺና ከጠየቀሽ ሰው ጋር ሂጂ።»

ትርንጎ አመስግና ልትወጣ ስትል ከበሩ መለሷት።

«ነገ ታዲያ» አሉ፣ «ለመንገድ የሚሆን ጫማ አድርጊ።»