ውሃውን የምታውቀው ሴት

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ እማሆይ ወለተ ሐና፣ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው። ፊታቸው የተቀመጠችው ይመኙሻል አሥራ ስድስት ዓመት አብሯት ከኖረው ባሏ ከተለየች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እማሆይ፣ ቁስሉ ይሽራል ይሉኛል። ይሻር። ግን የዱሮዋ እኔ ትመለሳለች ወይ?»

አንዲት ሴት ነበረች። አባቷ ጣና ዳር ሰው በታንኳ የሚያሻግር ሰው ነበር። ወንድ ልጅ ዘግይቶ ስለተወለደለት፣ ቀዘፋውን ያስተማረው ሴት ልጁን ነው። በአሥር ዓመቷ የነፋሱን አመጣጥ በጉንጯ ታውቀው ነበር ይላሉ።

ከዚያ ዳሯት። ባሏ የደጋ ሰው ነው፤ አገሩ ከሐይቁ ሁለት ቀን ያስኬዳል። መትቷት አያውቅም። ይህን ልብ በይልኝ፤ ኋላ ሰው ሁሉ «አልመታሽ፣ ምን ሆንሽ?» እያለ ሲያስጨንቃት ነበርና። ባሏ አንድ ነገር ይላት ነበር፦ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» ስለ ከብቱ ስትናገር፣ ስለ ዘመድ ስትናገር፣ ስለ ዝናቡ እንኳ ስትናገር። መጀመሪያ እየሳቀ ነበር የሚላት፣ ኋላ እየተቆጣ። በመጨረሻ ተወው፤ አላስፈለገውም። ሰው አንድ ነገር ሲጠይቃት ራሷ «እኔ ምን አውቃለሁ» ትል ጀመር። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖረች። አንድ ቀን ሌላ ሴት ይዞ መጣና «ከፈለግሽ ተቀመጪ፤ ካልፈለግሽ መንገዱ ያውልሽ» አላት።

ሁለቱን ቀን በእግሯ ሄዳ ወንድሟ ቤት ገባች።

ወንድሟ ደስ ብሎት ተቀበላት። እሷ ግን ከቤት ለመውጣት ታስፈቅደዋለች። «ውሃ ልቀዳ ልሂድ?» ትለዋለች።

«እህቴ፣ ማንን ነው የምትጠይቂው? በሩ እኮ ክፍት ነው» ይላታል።

በነጋታውም ትጠይቀዋለች። ሐይቁ ስትደርስ አጎንብሳ ቀድታ ትመለሳለች እንጂ ቀና ብላ አታየውም። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። ያለቀሰችበት ቀን አለ፣ ያላለቀሰችበትም ቀን አለ፤ ያላለቀሰችበት ይብስ ነበር።

በግንቦት አንድ ጧት ወንድሟ ገበያ ሄደ። ሰው የሚያሻግርበት የደንገል ታንኳው ዳር ላይ ተጎትቶ ፀሐይ ይሞቃል። እዚያው መንደር አንዲት ልጅ እግር ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። አዋላጅቱ ያለችው ከውሃው ማዶ ነው፤ ዞሮ በእግር ለሚሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ በታንኳ ግን ቅርብ ነው። ያቺ ምጥ የያዛት እናቴ ናት።

ይመኙሻል ቀና አለች። «እርስዎን ሊወልዱ?»

«እኔን። ዝም ብለሽ ስሚ።»

አያቴ እየሮጠች መጣች። «ወንድምሽ የታለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አንቺ አሻግሪን! የአባትሽ ልጅ አይደለሽም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ሴቲቱ።

አያቴ ጎረቤት ልትጠራ ሮጠች። ጎረቤቶች እናቴን በቃሬዛ አምጥተው ታንኳው አጠገብ አስተኟት። እናቴ እጇን ዘርግታ የሴቲቱን ቁርጭምጭሚት ያዘች። «ልሞት ነው» አለቻት፤ አልጮኸችም፣ የሰማችውን ወሬ እንደምታወራ ሰው ነበር።

ሴቲቱ ታንኳውን ወደ ውሃው ገፋችው።

እናቴንና አያቴን አሳፍራ፣ መቅዘፊያውን እየሳተች ጀመረች። መሐል ሲደርሱ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ ከጎን መጣና ደንገሉን ተሻግሮ እናቴን አራሳት። አያቴ «መልሺን! በማርያም፣ መልሺን!» ብላ ጮኸች።

«ዝም በይ!» አለች ሴቲቱ። «ውሃውን አውቀዋለሁ።»

እናቴ ይህን ስትነግረኝ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድምፅዋ ይቀንስ ነበር። ምጤን ረስቼ አየኋት ትለኛለች። ሴቲቱ ራሷ ደነገጠች፤ ማን ተናገረ ብላ ዞር ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ ተንበረከከች። የታንኳውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ መለሰችና እየገባችበት ቀዘፈች። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መቅዘፊያ ያልነካ እጅ፣ ማዕበሉ ሳይደርስ ቀድሞ ይጠብቀው ነበር። እናቴ ብዙ ታቦት ሲነግሥ ያየች ሴት ናት፤ እንደዚያ ቀን ግን ፈጣሪን ፈርቼ አላውቅም ትል ነበር።

ማዶ፣ አዋላጅቱ ቤት፣ ከቀትር በፊት ተወለድሁ።

ሴቲቱ ብቻዋን ተመለሰች። ነፋሱ በርዶ ነበር። መሐል ላይ መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች። የባሏን ድምፅ ጠበቀች፤ አንድ ነገር በሠራች ቁጥር ይመጣባት ነበርና። አልመጣም። ውሃው ሰማዩን ይዞ ተኝቷል፤ ከላይም ከታችም ብርሃን ነው፣ እሷ በመካከሉ ናት። ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ኋላ ለእናቴ እንደነገረቻት፣ ያን ለቅሶ ከኀዘን ልትቆጥረው አልቻለችም።

በዚያው የቀረ እንዳይመስልሽ፣ ድምፁ በሳምንቱ ተመለሰ። ልብስ ስታሰጣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አላት። አሁን ግን መልስ ነበራት። እየመለሰችለት፣ እየመለሰችለት ድምፁ እየራቀ ሄደ። ዓመታት ፈጅቶባታል። እስክታረጅ ድረስ ሰው ስታሻግር ኖረች፤ እኔንም ለዚህ ቆብ ስመጣ ያሻገረችኝ እሷ ናት።

እማሆይ ወደ ይመኙሻል ዞሩ።

«የዱሮዋ እኔ ትመለሳለች ወይ አልሽኝ። አትመለስም፣ ልጄ። ለዚያችም ሴት አልተመለሰችላትም። የአባቷ ልጅ ሳለች ያልፈራችው፣ ክፉ ቀን ስላልነካት ነው። እኛን ያሻገረችን ግን የተናቀችው፣ የተጣለችው፣ እየፈራች የገባችው ናት። አንቺም እንዲሁ ነሽ። አሥራ ስድስቱን ዓመት የሚመልስልሽ የለም፤ አልዋሽሽም። ነገር ግን ያ ሰው ሲያሳንስሽ በኖረበት ዘመን ሁሉ እግዚአብሔር እጁን ከአንቺ ላይ አላነሣም። ባልሽ ያላየው፣ አንቺም ያላየሽው ነገር ውስጥሽ ሲያድግ ኖሯል። የምትፈልጊያትን ሴት ኋላሽ ዞረሽ አትፈልጊያት። ገና አልተዋወቃችሁም። የተገናኛችሁ ቀን ትደነግጫለሽ።»