ትጓደድ ከሳጥኑ እስክትወጣ

ብርዛፍ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። «እናትሽ ምን ነበሩ?» ሲሏት «የቤት እመቤት» ትልና ዐይኗን ወደ መሬት ትጥላለች። እናቷ ትጓደድ ግን ከማሲንቆ መቺዎች ጋር በየሠርጉ እየዞረች የምትዘፍን አዝማሪ ነበረች። ትጓደድ የሞተችው ልጇ አፍ ሳትፈታ ነው፤ ለልጇ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልተረፈላትም።

ብርዛፍ ተማረች፣ ተመረቀች፣ በአንድ የባህል ማዕከል የድሮ ፊልሞች ጠባቂ ሆነች። አንድ ቀን ጠዋት እንግዶች አንድ ሳጥን ይዘው መጡ። ሳጥኑ ውስጡ ዲስክ የተደረደረበት፣ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የፊልም ጎተራ ነው። «የምትፈልጉትን ቅዱ፤ ነገ ጠዋት ይዘነው እንሄዳለን» አሉ። አንደኛው ሊወጣ ሲል መለስ ብሎ፣ «ረጅሙ የሠርግ ፊልም ላይ ትጓደድ የምትባል ዘፋኝ አለች፤ እንዳታመልጣችሁ» አለ።

ብርዛፍ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ የእናቷን ፊት ማየት። ፊልሙ ደግሞ ተቀድቶ ካላለቀ አይከፈትም። ቅጂውን አስጀመረችና ኮምፒውተሩን አየችው።

«በዚህ አካሄድ ነገ ማታ ያልቃል» አላት ኮምፒውተሩ።

«ነገ ማታማ ሳጥኑ የለም። ፍጠንልኝ» አለችው።

«እኔ ምን አደረግሁ? የሰጡኝን እቀዳለሁ። ሳጥኑን ጠይቂ።»

ሳጥኑ አይፈጥንም፣ ኮምፒውተሩ አይቀዳም፣ የትጓደድ ፊት አይታይም።

ወደ ሳጥኑ ሄደች። ሳጥኑ ዲስኮቹን እያሽከረከረ ይተነፍሳል። «እኔስ ሞልቶ ሊፈስብኝ ነው» አለ። «በየት በኩል ላውጣው? ኬብሉን ጠይቂ።»

ብርዛፍ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከችና ሳጥኑ የተሰካበትን የቢሮውን ኬብል በጣቷ እየተከተለች ዳኸች። ኬብሉ ከትልቁ ቁምሳጥን እግር ሥር ገብቶ ቀረ። ባለፈው ዓመት ቁምሳጥኑ ሲገፋ እግሩ ኬብሉ ላይ ዐርፎ ነበር። ወለሉ ስላዘመመ ሲወዛወዝ የኖረው ቁምሳጥን ያን ቀን ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ የቢሮው ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ ተደላደለ» ብሎ ትቶት ሄደ።

«በሆዴ ስምንት ሽቦዎች አሉ» አለ ኬብሉ። «ስምንቱም ደኅና ሳሉ ፊልም እንደ ጎርፍ ይወርድብኝ ነበር። አራቱን ይሄ ሰውዬ ረግጦ ሰበራቸው። በቀሩት አራት እየተንጠባጠብሁ ስለማደርስ ማንም ታመሃል ወይ አላለኝም። ምትክ የሚሆነው አዲሱ ወንድሜ ያለው እዚሁ በረገጠኝ ሆድ ውስጥ ነው።»

ኬብሉ አይተካም፣ ሳጥኑ አይፈጥንም፣ ኮምፒውተሩ አይቀዳም፣ የትጓደድ ፊት አይታይም።

«ቁምሳጥን፣ አዲሱን ኬብል ስጠኝ።»

«ወሩ ሰኔ መሆኑን ረሳሽ? ለንብረት ቆጠራ ታሽጌያለሁ። ወረቀቱ አፌ ላይ ተለጥፎ፣ ማኅተሙ አርፎበት እንዴት ብዬ ልክፈት? ያሸገኝን ጠይቂ።»

ያሸጉት የንብረት ክፍሉ ጋሽ ጥላዬ ናቸው። «አንቺ ልጅ፣ ቆጠራ ላይ ነን እኮ» አሏት። «በቆጠራ ሰሞን ባርኔጣዬን ካሸግሁት ፀሐይ እየመታኝ እሄዳለሁ እንጂ አልፈታውም። ወይዘሮ ውብርስት ይዘዙኝ።»

ጋሽ ጥላዬ አይፈቱም፣ ቁምሳጥኑ አይሰጥም፣ ኬብሉ አይተካም፣ ሳጥኑ አይፈጥንም፣ ኮምፒውተሩ አይቀዳም፣ የትጓደድ ፊት አይታይም።

የማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ ውብርስት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ለአንድ ኬብል ብዬ እሽግ ላስፈታ? አጫጭሮቹን ቅጂያ።»

«ረጅሙን ነው የምፈልገው።»

«ለምን?»

ብርዛፍ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች።

«ምክንያቱን ካልነገርሽኝ አላዝም፣ የኔ ልጅ።»

ብርዛፍ አትናገርም፣ ወይዘሮ ውብርስት አያዙም፣ ጋሽ ጥላዬ አይፈቱም፣ ቁምሳጥኑ አይሰጥም፣ ኬብሉ አይተካም፣ ሳጥኑ አይፈጥንም፣ ኮምፒውተሩ አይቀዳም፣ የትጓደድ ፊት አይታይም።

ከቁምሳጥኑም፣ ከማኅተሙም ይልቅ የታሸገው የራሷ አፍ ኖሯል። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«እናቴ ፊልሙ ላይ አለች» አለች። «አዝማሪ ነበረች። ፊቷን አላውቀውም።»

ወይዘሮ ውብርስት ተነሥተው በሩን ከፈቱ። «አቶ ጥላዬ፣ ይፍቱላት። ለቆጠራው እኔ እፈርማለሁ።»

ብርዛፍ ተናገረች፤ ወይዘሮ ውብርስት አዘዙ፤ ጋሽ ጥላዬ ፈቱ፤ ቁምሳጥኑ ሰጠ፤ ኬብሉ ተተካ፤ ሳጥኑ ፈጠነ፤ ኮምፒውተሩም እየተስገበገበ ይቀዳ ጀመር።

«ነገ ማታ» ሲል የነበረው ኮምፒውተር «ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት» አለ። ብርዛፍ አዲሱን ኬብል በመዳፏ ያዘችው። ከጣቷ የቀጠነ ነው፤ አይሞቅም፣ አይንቀጠቀጥም። በዚህ ውስጥ ሙሽራው፣ ሚዜው፣ ከበሮው፣ የዳሱ አቧራ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ጭብጨባ እያለፈ ነው። እናቷም በመዳፏ ውስጥ እያለፈች ነው። እጇን ማንሣት ፈራች።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፊልሙን ከፈተች። ከዳሱ መካከል አንዲት ቀጭን ሴት ብድግ አለች። የብርዛፍ ቅንድብ አላት፤ የብርዛፍ ረጅም አንገት አላት። ያለ አንዳች ፍርሃት ሙሽራውን ከእግር እስከ ራሱ እያሞገሰች ዘፈነች፤ ሽማግሌዎቹን ሳይቀር አሳቀች። ብርዛፍ ከዚህች ደፋር ሴት እንዴት እንደ እኔ ያለች ዐይነ አፋር ተወለደች ስትል፣ ዘፈኑ አለቀ፣ እልልታው ቀለጠ። ትጓደድ ሰው ሁሉ ሲያያት ደነገጠችና የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች።

ብርዛፍ እጇን አየችው። የራሷም ነጠላ ጫፍ አፏ ላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እንግዶቹ ሳጥናቸውን ሊወስዱ መጡ። ጋሽ ጥላዬ ከኬብሉ ተላቆ እንደገና የሚወዛወዘውን ቁምሳጥን በትከሻቸው ደግፈው ቆመዋል፤ ወይዘሮ ውብርስት በሩ ላይ ናቸው። ብርዛፍ ፊልሙን ከፈተች። ማዳመጫዋን ከኮምፒውተሩ ነቀለች፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገች፤ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ «ይህች እናቴ ናት» አለች።