ጸበል ያባሰባት ሴት

በመስኖ ሽንኩርት ከሚያለሙ ገበሬዎች መካከል የምትኖር አንዲት እናትን እስኪ በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱልኝ፣ ወገኖቼ።

ባሏ ፀረ ተባይ በረጨ ማግሥት ማሳው ውስጥ ገብታ ታርማለች። ክንዷን ያሳክካት ጀመር። ቀላ፤ ቆሰለ፤ ቆዳው ተላጠ። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» አላት። ምን ታድርግ? ጸበል ወረደች።

እዚያ ስትሰነብት ተሻላት። እልል አለች! ለቤቷም በጀሪካን ቀድታ ተመለሰች። ጠዋት ጠዋት ጸልያ ትታጠብበታለች። ባሰባት። ጸሎት ጨመረች፤ ባሰባት። ክንዷን አልፎ አንገቷ ላይ ወጣ።

«ምን በድዬው ነው?» እያለች የልጅነት ኃጢአቷን ሳይቀር ትፈልጋለች። እዚያ የማራት አምላክ እዚህ ቤቷ ሲደርስ ይጠየፋታል? በመጨረሻ፣ «አንዴ ልቅዳ፤ ካልሆነ ደጁን አልረግጥም» ብላ ወጣች።

አጥማቂው አባ ጽጌ ሊቀዱላት ጀሪካኗን ተቀበሉ። አሸተቱት።

«ልጄ፣ ይሄ የሽንኩርቱ መርዝ የነበረበት አይደለም እንዴ?»

«ታጥቧል እኮ አባቴ! ባለቤቴ በአመድና በአሸዋ ፈትጎ ነው ያጠበው። እንዳያፈስብሽ ብሎ ጠንካራውን መረጠልኝ።»

«ሰውዬሽስ ይወድሻል። ግን መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቷል፤ አመድ አያወጣውም።»

ግራ ገባት። «ታዲያ ጸበል አይደለም እንዴ? እንዴት መርዝ ያሸንፈዋል?»

አባ ጽጌ ጀሪካኑን ባዶውን መለሱላት።

«እሱን አላውቅም» አሉ። «እኔ ግን በዚህ ቀድቼ እግዚአብሔርን አልፈትንም። ጸበሉን እዚሁ መጥተሽ ተጠመቂ። አሁን ጤና ጣቢያ ሂጂና ቁስሉን አሳዪ፤ መርዙንም አትደብቂያቸው። የተረጨ ማሳም ቶሎ አትግቢ።»

ባሏ ይህን ሲሰማ ጀሪካኑን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። በማን ይቆጣ? አጥቦ የሰጣት እሱ ነው። ዳግም ማንም እንዳይቀዳበት በቢላ በሳሳው።

እናንተስ? «አምላክ ጠላኝ» ብላችሁ ከደጁ የቀራችሁ የላችሁም? ጸሎታችሁን ስትመረምሩ፣ ኃጢአታችሁን ስትቆጥሩ፣ በእጃችሁ የያዛችሁትን ዕቃ አይታችሁታል? ያቺ እናት ስለ ጸበሉና ስለ መርዙ የጠየቀችውን እኔም ብዙ አሰብኩበት። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፦ ያ ሰው ሚስቱን ይወዳት ነበር፤ ፍቅሩ ግን መርዙን አላጠበውም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የውኃ መቅጃችሁን አንሡ። ምን ነበረበት በሉ። የሰጣችሁ የሚወዳችሁ ሰው ቢሆንም፣ ጠይቁ።